ስጋ ካቆምኩ 5 ወር ሆነኝ፣ ክብደቴ ግን ጨመረ። ምን ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ጠል_ጠዋት
ሰላም ለሁላችሁ። ስጋ መብላት ካቆምኩ 5 ወር ሆነኝ፣ እንቁላልና ወተት እበላለሁ ከዛ ውጪ ግን ከእንስሳ የሚመጣ ምንም አልነካም። ስጀምር 78 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው፣ እድሜ 34። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ቬጀቴሪያን ከሆንሽማ ክብደቱ ራሱ ነው የሚወርደው ሲለኝ ስለነበር እኔም አምኜ ሚዛን ላይ ሳልወጣ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ሱሪዬ አልቆለፍ ሲለኝ ወጥቼ አየሁት፣ 81.5። ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ቀኔ ይሄን ይመስላል። ጠዋት ሁለት ቁራጭ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ከትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ጋር። ምሳ ሩዝ ወይ ፓስታ በአትክልት ስጎ። ከሰአት 10 ሰዓት ሲሆን ርሀቡ ስለማያስችለኝ መሳቢያዬ ውስጥ ኦቾሎኒና ቴምር አስቀምጣለሁ፣ ከሱ እየዘገንኩ ነው ከስራ እስክወጣ የምቆየው። ማታ ድንች ጥብስ፣ ጎመን፣ ዳቦ። ለስላሳ አልጠጣም፣ ኬክ ምናምን በወር አንዴ ቢሆን ነው። ስራዬ ቁጭ ብሎ ነው ግን በእግሬ ነው የምሄደው፣ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ ይሆናል።

ወደ ስጋ ተመለሺ እንዳትሉኝ እባካችሁ፣ ስጋ የተውኩት ለክብደት ብቻ አይደለም፣ ህሊናዬ እሺ ስላላለኝ ነው። ግን በዚሁ መንገድ የቀነሰ ሰው ካለ እንዴት እንዳረገው ይንገረኝ።

ቀስ_በቀስ
እህቴ አይዞሽ፣ እኔም በዚሁ ነው ያለፍኩት። ስጋ ከተውኩ 6 ዓመት አልፎኛል፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ 6 ኪሎ ጨመርኩ፣ ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ በ14 ወር 17 ኪሎ ቀነስኩ፣ እስካሁንም አልተመለሰብኝም። የገባኝ ነገር ምን መሰለሽ፣ ስጋው ከሰሃኑ ላይ ሲነሳ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ የሆነ ነገር ይገባበታል። የኔን ቦታ የያዙት ዳቦና ዘይት ነበሩ። ያንቺን ቀን ሁለቴ አነበብኩት፣ ምስር የለም፣ ሽምብራ የለም፣ ቦሎቄ የለም፣ እንቁላል እበላለሁ ብለሻል ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድም እንቁላል አላየሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዘይት ስትጨምሪ በምንድነው የምትለኪው? አብዛኛው ሰው ከጠርሙሱ በቀጥታ ነው የሚያንቆረቁረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው፣ 120 ካሎሪ ማለት ነው፣ የወይራም ይሁን የሱፍ የኮኮናትም ይሁን። ለልብ አንዱ ካንዱ ይሻላል፣ ካሎሪው ላይ ግን ልዩነት የለውም። እስቲ ይሄን ሳምንት ሌላ ምንም ሳትነኪ ዘይቱን ብቻ ለክተሽ ጻፊልን። እንዳትቀንሺ፣ እንደለመድሽው አፍሺ፣ ብቻ ለኪው።

ሰሃን_ሙሉ
ጁሱን ተይውና ብርቱካኑን ብዪው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ለመሙላት አራት አምስት ብርቱካን ይጨመቃል፣ ቁጭ ብለሽ ግን አምስት ብርቱካን ልጠሽ አትጨርሺም። ፋይበሩ ማጥለያው ላይ ይቀርና ስኳሩ ብቻ ነው ወዳንቺ የሚመጣው። እኔ ይቺን ብቻ ነው የቀየርኩት መጀመሪያ፣ ለውጡን በወሩ አየሁት።

የምግብ_ነገር
በሥነ ምግብ ባለሙያነት ነው የምሰራው፣ እንዳንቺ ያለ ታሪክ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው ስለዚህ መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። ከላይ ወንድማችን ቀስ_በቀስ የጻፈው ትክክል ነው፣ እኔ ትንሽ ልጨምርበት።

የ10 ሰዓቱ ርሀብ ነው ዋናው ምልክት። ያ ርሀብ የፈቃድ ማነስ አይደለም፣ ጠዋትና ምሳ ላይ ፕሮቲን ስላልበላሽ ነው። ከጻፍሽው ስገምት በቀን ከ45 እስከ 50 ግራም ፕሮቲን ብታገኚ ነው። ለጤነኛ ሰው በኪሎ 0.8 ግራም ይበቃል ይባላል፣ ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው ግን ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ነው የሚመከረው፣ እኔ ደግሞ ሰው መድረስ በሚፈልገው ክብደት ነው የማሰላው። 68 ኪሎ መሆን ፈለግሽ እንበል፣ በ1.2 ስታባዢው 82 ግራም አካባቢ ይመጣል። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን ይሄን ቁጥር ከኔ አይውሰድ፣ ሀኪሙን ይጠይቅ።

82 ግራም ያለ ስጋ ከየት ይመጣል ትይኝ ይሆናል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ነው። 300 ግራም የተቀቀለ ምስር 27 ግራም። 150 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 13። 150 ግራም ጠንካራ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራው) 20 አካባቢ፣ እንደ አምራቹ ይለያያል። አንድ ብርጭቆ ተራ እርጎ 7 ወይ 8። ገና ዳቦውንና ሩዙን ሳንቆጥር 80 ደርሰናል። ኦቾሎኒ ፕሮቲን አለው ብለሽ እንደምትበዪ አውቃለሁ፣ እውነትም አለው፣ 100 ግራሙ 25 ግራም ገደማ፣ ግን አብሮት 567 ካሎሪ ይመጣል። የተቀቀለ ምስር 100 ግራሙ 116 ካሎሪ ብቻ ነው፣ 8 ግራም ፋይበርም አለው። ኦቾሎኒን እንደ ቅመም ነው ማየት ያለብሽ፣ እንደ ምግብ አይደለም።

ቬጀቴሪያን ሁሉ ቀጭን ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣም ልንገርሽ። በ2009 የወጣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የአድቬንቲስት ምዕመናን ላይ የተሰራ ትልቅ ጥናት አለ፣ ከእንስሳ የሚመጣ ምንም የማይበሉት የቪጋኖቹ አማካይ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቁጥር) 23.6፣ እንቁላልና ወተት የሚበሉት 25.7፣ ስጋ የሚበሉት ደግሞ 28.8 ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ለዓመታት በዚህ የኖሩ፣ ሲጋራና አልኮል የማይነኩ ናቸው፣ ደግሞም ከ25 ጀምሮ ክብደት በዛ ይባላል፣ 25.7 በትንሹም ቢሆን ከዛ በላይ ነው። ቬጀቴሪያን ሆኖ መወፈር የሚቻል ነገር ነው፣ ድንች ጥብስም ዶናትም ስጋ የለባቸውም።

ዝምተኛ_ወንዝ
እኔ በሌላ በኩል ነው ያለሁት፣ ስጋ እበላለሁ፣ በ7 ወር 9 ኪሎ የቀነስኩት ሩዝና ዳቦ አቁሜ ነው። ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ምስርም ሽምብራም እኮ ካርብ (ካርቦሃይድሬት) ነው፣ ካርብ እየበሉ እንዴት ነው የሚቀነሰው? ይቺ እህት የወፈረችው ስጋውን በካርብ ስለተካችው አይደለም እንዴ? ህሊናዋን አከብራለሁ፣ ግን እውነቱ ይነገራት።

የምግብ_ነገር
@ዝምተኛ_ወንዝ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያንተም መንገድ ይሰራል። በ2021 የወጣ አንድ ሙከራ አለ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 20 ሰው ተቋሙ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ዘይት በጣም የቀነሰ የአትክልት ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ስጋና ስብ የበዛበት ካርብ በጣም ያነሰበት ምግብ አበሏቸው፣ በሁለቱም እስክትጠግቡ ብሉ ነው የተባሉት። ሁለቱም ላይ ክብደት ቀነሱ። የአትክልቱ ላይ ግን በቀን ወደ 690 ካሎሪ ያነሰ በሉ፣ ማንም ቀንሱ ሳይላቸው፣ ተርበናልም አላሉም። ካርቡ ከ70 በመቶ በላይ ነበር።

የመጀመሪያ ሳምንት ካርብ ስታቆም በፍጥነት የሚወርደው አብዛኛው ውሀ ነው፣ ሰውነት የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሀ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ሲያልቅ ውሀውም ይሄዳል። ከዛ በኋላ ያለው ወሳኙ ነገር የበላሀውና ያወጣሀው ነው። ምስርና ነጭ ዳቦ ሁለቱም ካርብ አላቸው፣ ሆድ ውስጥ የሚያረጉት ነገር ግን ለየቅል ነው።

ለእውነት ያህል ደግሞ የሚቃረነውንም ልበል። ጣልያን ፍሎረንስ ላይ የተሰራ በ2018 የወጣ ጥናት ካሎሪው እኩል የሆነ የቬጀቴሪያንና ስጋና አሳ ያለበት የሜዲትራኒያን ምግብ ለሦስት ሦስት ወር አወዳድሮ የቀነሱት ክብደት ያው ነው ያገኘው፣ ወደ 1.8 ኪሎ። መጥፎው ኮሌስትሮል በቬጀቴሪያኑ የበለጠ ወረደ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ደግሞ በሜዲትራኒያኑ። ስለዚህ ስጋ መተው በራሱ ተአምር አይሰራም፣ እሷም ወደ ስጋ መመለስ አያስፈልጋትም።

ዝምተኛ_ወንዝ
እሺ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ምስሩን እኔም ልሞክረው ነው።

ጠል_ጠዋት (ከ3 ቀን በኋላ)
ለካሁት።

ትናንት ማታ ሽንኩርቱን ከትፌ ድስቱን ጥጄ ዘይቱን እንደለመድኩት ላፈስ ስል አቆምኩና በባዶ ብርጭቆ ውስጥ አፈሰስኩት፣ ልክ ድስት ውስጥ እንደማረገው ዓይኔን እስኪሞላው ድረስ። ከዛ በሾርባ ማንኪያ እየጨለፍኩ ወደ ድስቱ ቆጠርኩ። አራት ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰባተኛዋም ሙሉ ነበረች፣ ብርጭቆው ስር ደግሞ ገና የሚንሸራተት ነገር ይታየኛል። ድስቱን የምንበላው እኔና እህቴ ነን፣ ለምሳና ለራት፣ ስለዚህ የኔ ድርሻ ሦስት ማንኪያ ተኩል፣ 420 ካሎሪ። ይሄ ድንቹ የተጠበሰበትን ሳይጨምር ነው።

ከዛ ነገሩ ስለያዘኝ የኦቾሎኒ ቅቤውንም መዘንኩት። እህቴ ኬክ የምትሰራበት ትንሽ ሚዛን አለች፣ ዳቦውን አስቀምጬ ዜሮ አርጌ ቀባሁት፣ ለሁለቱ ቁራጭ 45 ግራም። ጣሳው ላይ ያለውን አይቼ ሳሰላው ወደ 265 ይመጣል። ከመሳቢያዬ የምዘግነው ኦቾሎኒ አንዷ እፍኝ ብቻ 40 ግራም ናት፣ እኔ ደግሞ ሁለቴም ሦስቴም ነው የምዘግነው።

5 ወር ሙሉ ጤናማ ምግብ እየበላሁ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጤናማም ነው እኮ፣ ግን ማንም ስለ ብዛቱ አልነገረኝም። አሁን ጥያቄዬ ያለ ዘይት ምግብ እንዴት ይጣፍጣል? ሞከርኩት፣ ሽንኩርቱ አረረብኝ።

የቤቱ_እናት
የኔ ልጅ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፣ በልጄ ስልክ ነው የምጽፈው ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ትዕግስት ነው የሚፈልገው። በደንብ አድቅቀሽ ክተፊው። ድስቱ ይጋልና ሽንኩርቱን ለብቻው ጨምሪው፣ ቁንጥር ጨው ጣል አርጊበት፣ ጨው ውሀውን ከውስጡ ያወጣዋል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ ያላብና ራሱ ውሀ ይተፋል፣ ቀጥሎ ይደርቅና ስሩ ቡናማ ሆኖ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ሰው ደንግጦ ዘይት የሚያፈሰው። አትደንግጪ። የፈላ ውሀ አጠገብሽ ይኑር፣ ሁለት ማንኪያ ጠብ አርጊበትና በእንጨት ማንኪያ ስሩን ፋቂው፣ ያ የያዘው ቡናማ ነገር ነው ጣዕሙ፣ ተፍቆ ሽንኩርቱ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ደግሞ ጠብ፣ ደግሞ ፋቅ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ስታረጊ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ሽንኩርቱ ማር መስሎ ይቀልጣል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ከዛ በኋላ ጨምሪ፣ ቀድሞ ከገባ ይመራል።

ዘይቱን ጨርሰሽ አታጥፊው፣ ምግቡ ከእሳት ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ እላዩ ላይ ጠብ አርጊበት። ሲቁላላ የገባ ዘይት ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ የገባው ግን ሽታውም ጣዕሙም ከላይ ይቀራል።

ደግሞ አንድ ነገር ስኳር ያለባችሁ ልጆቼ ስሙኝ። እኔ ዳቦና ሩዝ ቀንሼ ምስር ባበዛሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት እጄ መንቀጥቀጥ፣ ላብ በላብ መሆን፣ ዓይኔ መጨለም። ልጄ ስትለካኝ ስኳሬ 58 ወርዶ ነበር። ምግቡ ተቀይሮ መድኃኒቱ ግን እንደድሮው ስለቀጠለ ነው። ሀኪሜ ኪኒኑን በግማሽ ቀነሰልኝ። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

የምግብ_ነገር
እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ስለጻፉልን። እርስዎ ያሉት በጣም ትልቅ ነገር ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድና ግሊመፒራይድ ያሉ ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀየሩ በፊት ሀኪሙን ያናግር፣ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንደዚሁ ነው፣ ክብደት ሲወርድ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። እርጉዝ የሆነች ደግሞ አሁን የመቀነሻ ጊዜዋ አይደለም፣ የምታጠባም ሀኪም ሳታማክር አትጀምር።

እርስዎ ዘይቱን ጨርሰሽ አታጥፊው ያሉትንም አጠናክራለሁ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት ለመግባት ትንሽ ስብ ይፈልጋሉ።

የሌሊት_ፈረቃ
እኔ የምነግራችሁ ስለ ቫይታሚን ቢ12 ነው፣ ማንም ሳያነሳው ሊያልፍ ስለሆነ ጨነቀኝ። 3 ዓመት ሙሉ ቪጋን ሆኜ፣ እንቁላል ወተት ምንም የለም፣ 12 ኪሎ ቀንሼ ነበር፣ ሁሉም ሰው እንዴት አምሮብሃል ይለኛል እኔም ደስ ብሎኝ። ከዛ እግሬ ጣቶች ላይ መደንዘዝ ጀመረኝ። የሌሊት ስራ ነው ብዙ እቆማለሁ ከሱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደረጃ ስወጣ ድክም ማለት፣ ቀጥሎ ቃላት ይጠፉብኛል፣ የማውቀውን ሰው ስም ማስታወስ ያቅተኛል። አንድ ሌሊት ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስሄድ እግሬ ወለሉን በትክክል እንደማይሰማው አወቅኩ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የደም ማነስ የለብህም ብለው መለሱኝ። ሁለተኛ ቦታ ነው ቢ12 ለብቻው ይታይ ያሉት፣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሀኪሟ ያስረዳችኝ፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ ፎሌት የሚባል ሌላ ቫይታሚን ስላላቸው ደሙ ደህና ይመስላል፣ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ጉበት ደግሞ የዓመታት ስንቅ ስለሚይዝ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማህም። መርፌ ተወጋሁ፣ ድካሙ በሳምንታት ለቀቀኝ፣ ጣቶቼ ላይ ያለው ግን እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ከተክል ቢ12 አይገኝም፣ ስፒሩሊና የሚባለው የአልጌ ዱቄትም አይተካውም። ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ ይቺን ታህል ነገር ናት እግሬን የወሰደችብኝ። እንቁላልና ወተት የምትበሉ የተወሰነ ታገኛላችሁ ግን ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ እነሱንም ስትቀንሱ ተጠንቀቁ፣ ተመርመሩ። ሙሉ ቪጋን ከሆናችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ኪኒኑን ጀምሩ።

ጠል_ጠዋት
@የሌሊት_ፈረቃ ወንድሜ በጣም አዘንኩ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ነገ ልመረመር ቀጠሮ ያዝኩ።

አረንጓዴ_ቅጠል
አይረንም እኮ አለ። እኔ የወር አበባዬ ብዙ ስለሆነ ሁሌ ዝቅ ይልብኛል። ከምስሩ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ ወይ ቲማቲም አብሬ እበላለሁ፣ ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ይረዳል፣ ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከሰዓት በላይ ቆይቼ ነው የምጠጣው፣ ያግዱታል።

ጥያቄ ግን አለኝ። ምስርና ሽምብራ ባበዛሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል፣ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ያሳፍረኛል። ይሄ ነገር ይለምዳል ወይስ ሰውነቴ አይስማማውም?

ቀስ_በቀስ
አብዛኛው ሰው ይለምደዋል ግን ቀስ ተብሎ ነው። እኔ ከዜሮ ወደ ሁለት ሰሃን ምስር በአንድ ቀን ገብቼ አንድ ሳምንት ተሰቃየሁ። በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምሪ፣ በየሳምንቱ ጨምሪ። ከተከካ ቀይ ምስር ጀምሪ፣ ልጣጩ ስለወጣ ለሆድ ይቀላል። ሽምብራና ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ ውሀውን ድፊው፣ በአዲስ ውሀ ቀቅይው፣ የሚነፋው ስኳር የተወሰነው ከውሀው ጋር ይሄዳል። ቦሎቄ ደግሞ በደንብ ይፍላ፣ በተለይ ቀዩ ጥሬነቱ ካለቀቀ መርዝነት አለው። ውሀ በብዛት ጠጪ፣ ፋይበር ያለ ውሀ ያደርቃል። ወር ሙሉ ካልለቀቀሽ ግን ወይም ህመም ካለው ታይ፣ ሁሉ ነገር ከምስር አይደለም።

ጠል_ጠዋት (ከ4 ሳምንት በኋላ)
ተመልሼ መጣሁ፣ ትንሽ ተስፋ ቆርጫለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 1.3 ኪሎ ወረደ፣ ሁለተኛው 0.6፣ ሦስተኛው ምንም፣ ዛሬ ደግሞ 0.4 ጨምሯል። ሁሉንም ነገር በትክክል እያረግኩ ነው፣ ዘይቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው በቀን፣ ጁስ የለም፣ እንቁላል አለ ምስር አለ። ለምንድነው?

የቤቱ_እናት
የወር አበባሽ መቼ ነው የሚመጣው የኔ ልጅ?

ጠል_ጠዋት
ኧረ... ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው።

የምግብ_ነገር
እናታችን ቀድመውኛል። ከወር አበባ በፊት ሰውነት ውሀ ይይዛል፣ አንድ ሁለት ኪሎ የሚይዝባቸው ሴቶች አሉ፣ ስቡ እየቀነሰ ሚዛኑ ቆሞ የሚታየው ለዛ ነው። ሴት ልጅ የዛሬውን ሚዛን ከባለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ቀን ጋር ነው ማወዳደር ያለባት። ጨው የበዛበት ምግብም፣ አንድ ቀን ሆድ መድረቅም ያንኑ ያረጋል። ወገብሽን በሜትር ለኪው፣ ሱሪሽን ሞክሪው። ጥሩው ፍጥነት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው፣ ከዛ በላይ ለረዥም ጊዜ የሚጣደፍ ሰው የሀሞት ጠጠር ሊያመጣበት ይችላል፣ ጡንቻውም ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ወይም ፑሽ አፕና ስኳት ጨምሪበት፣ መራመዱን እንዳትተዪ።

ሰሃን_ሙሉ
እኔ የማረገው ሌላ ነገር፣ ሰሃኔን ግማሹን በቅጠልና አትክልት እሞላለሁ፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ቆስጣ፣ እንጉዳይ። ጥቅል ጎመን 100 ግራሙ 25 ካሎሪ ነው። ሩቡ ጥራጥሬ፣ ሩቡ ሩዝ ወይ ድንች። ድንች ራሱ ጠላት አይደለም፣ ሲቀቀል በጣም ነው የሚያጠግበው፣ ሲጠበስ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀድሜ አትክልቱን ነው የምበላው፣ ሩዙ ጋር ስደርስ ግማሽ ጠግቤያለሁ።

ጠል_ጠዋት (ከ10ኛው ሳምንት በኋላ)
76.8። ዛሬ ጠዋት።

ቢ12 ምርመራዬ ደህና ነው ግን ወደ ታችኛው ጠርዝ ስለሆነ ኪኒን ጀምሬያለሁ። አይረኔ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ለሱም ሀኪሜ ሰጥታኛለች፣ ሻዬንም ከምግብ አርቄዋለሁ።

ቀኔ አሁን እንዲህ ነው። ጠዋት ሁለት እንቁላል ቅቅል አንድ ቁራጭ ዳቦ ከቲማቲም ጋር፣ ብርቱካን ካማረኝ ብርቱካኑን እበላለሁ። ምሳ የምስር ወይ የሽምብራ ወጥ ከብዙ ጎመን ጋር ሩዙ ግን አምስት ማንኪያ ናት። ከሰአት እርጎና ፖም። ማታ ቶፉ ወይ ቦሎቄ ከአትክልት ጋር። ኦቾሎኒውን አልተውኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ግን የለም፣ ቤት ውስጥ በማንኪያ ለክቼ ሰላጣ ላይ ነው የምበትነው። የ10 ሰዓቱ ርሀብ መጀመሪያ የጠፋው ነገር እሱ ነው፣ አምስተኛው ቀን ላይ ሰዓቴን ሳይ 11 ሆኗል፣ ስለ ምግብ አላሰብኩም ነበር።

ያልተፈታልኝ ነገር እህቴ ናት። ያለ ዘይት የተሰራውን መጀመሪያ እንቢ አለች፣ አልፈርድባትም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድስቶች እኔም በግድ ነው የበላሁት። አሁን ከድስቱ የኔን ድርሻ አወጣና የቀረው ላይ እሷ የምትፈልገውን ታፈስበታለች፣ በዚህ ተስማምተናል። እማማ የሽንኩርቱ ነገር ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተሳካልኝ፣ የፈላ ውሀ ያሉትን ቀዝቃዛ እያፈሰስኩ ነበር የሚበላሸው።

የቤቱ_እናት
እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ። ቀዝቃዛ ውሀ ድስቱን ያበርደዋል፣ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም።

አረንጓዴ_ቅጠል
እኔ ከስራ ስመጣ 2 ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ሽምብራ ቀቅዬ መቼ እበላለሁ? እናንተ በየቀኑ ነው የምትቀቅሉት?

ጠል_ጠዋት
በሳምንት አንዴ ነው፣ እሁድ። ቅዳሜ ማታ አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ እዘፈዝፋለሁ፣ ተቀቅሎ ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል። አጥልዬ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ከዛ 150 ግራም 150 ግራም አርጌ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ጠፍጥፌ አስቀምጣለሁ፣ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሙቅ ውሀ ውስጥ ስነክረው በአስር ደቂቃ ይለቃል። ቀይ ምስሩን ግን አልቀቅልም ቀድሜ፣ እሱ ከስራ ገብተሽ ልብስሽን እስክትቀይሪ ይደርሳል።